ጅምሩ ቤት እና 200 ሺህ ዶላሩ

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 33 ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ዲቪ ደርሶኝ ከደብረ ብርሃን ወደ ሲአትል መጣሁ። ስድስት ዓመት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ቀን ተማርኩ። የመስታወት ሣጥን በምትመስል ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ አድርጌ፣ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ መኪና ሲመጣ ብቻ ቀና እያልኩ ነው የተመረቅኩት።

በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ስቀጠር፣ ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑት አባቴ ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ። «ስንት ነው ደመወዙ?» ሲሉኝ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ዓመት ድምር፣ 200 ሺህ ዶላር፣ ነገርኳቸው። ከዚህ ውስጥ ደመወዙ 140 ሺህ ነው፤ 30 ሺው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የመግቢያ ጉርሻ ነው፤ የቀረው 30 ሺህ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ከሚሰጠኝ የ120 ሺህ ዶላር አክሲዮን የአንድ ዓመቱ ድርሻ ነው። ይህን አላብራራሁም። ደስታቸውን ማቋረጥ አልፈለግኩም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚያውቀው 200 ሺውን ነው።

አሁን ሁለት ዓመት ከአስር ወር ሆነኝ። ምሳው ነፃ ነው፣ ስፖርት ቤቱ ነፃ ነው፣ ከሰፈሬ የሚያነሳኝ አውቶቡስ አለ። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ። የሥራው ባህል ግን እየበላኝ ነው። በየስድስት ወሩ የአፈጻጸም ምዘና ሲመጣ የቡድናችን ሰዎች እርስ በርስ ተወዳድረን ደረጃ ይወጣልናል። ከባልደረቦቼ ይልቅ ምን እንደሠራሁ ራሴ ጽፌ ማቅረብ አለብኝ። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አንድ መስመር እጽፋለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ሁልጊዜ መካከለኛ ነው፤ ተጨማሪ አክሲዮንም አልተሰጠኝም። ደመወዜ 148 ሺህ ደርሷል። በቅርቡ የገባ፣ ሥራውን ያስለመድኩት ልጅ ምሳ ላይ በቅንነት 171 ሺህ እንደሚከፈለው ነገረኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከአራት ወር በፊት ሁለት ባልደረቦቼ ጠዋት ሲመጡ መታወቂያቸው በሩን አልከፍት አላቸው። የስንብት ደብዳቤው ሌሊት በኢሜይል ተልኮላቸው ኖሯል። ሥራቸው ለእኔ ተጨመረ። በየሦስት ሳምንቱ ተረኛ ነኝ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ተረኛ ባልሆንኩበት ሳምንትም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ፤ ልቤ ይመታል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለጓደኞቼ ደከመኝ ብላቸው «ጠግበሽ ነው» አሉኝ።

አንድ የሕዝብ ሆስፒታል በሕሙማን መዝገብ ሥርዓቱ ላይ እንድሠራ በ118 ሺህ ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። መልስ እንድሰጥ አስር ቀን ቀርቶኛል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ላይ ለወላጆቼ ፎቅ ቤት አስጀምሬያለሁ፤ በየወሩ 1,500 ዶላር እልካለሁ፣ አክሲዮኑንም በደረሰ ቁጥር እየሸጥኩ ጨምሬበታለሁ። ባለፈው እሑድ አባቴ የቆሙትን ምሰሶዎች ፎቶ ልከው «ሶሌታው ሊሞላ ነው፤ በርቺ» አሉኝ። አሁን በወር እጄ ላይ የሚገባው 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ከቤት ኪራይ፣ ከመኪና፣ ከትምህርት ብድር፣ ከእቁብና አገር ቤት ከምልከው በኋላ የሚተርፈኝ አንድ ሺህ አይሞላም። አክሲዮኑ ተሰጥቶ እስኪያልቅ 14 ወር ይቀራል። ልልቀቅ ወይስ 14 ወሩን ጥርሴን ነክሼ ልቻለው?

ሀ. ከሲአትል

መልስ

እህቴ ሀ.፣

ስለ ምሳው፣ ስለ አክሲዮኑ፣ ስለ ሶሌታው በዝርዝር ጽፈሽልኛል። ልብሽ በሌሊት እንደሚመታ ግን በሁለት ቃል አልፈሽዋል። እኔ ከእርሷ ልጀምር።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በተረኝነት የተሰባበረ እንቅልፍ ሰውነትን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ሌላ ምክንያት እንዳለውም መታየት አለበት። ኩባንያሽ ከሚሰጣቸው ጥቅማ ጥቅሞች መካከል ለሠራተኛ በነፃ የሚታሰቡ የሥነ ልቦና ምክር ቀጠሮዎች ይኖሩ እንደሆነም ተመልከቺ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች አላቸው፤ ሠራተኛው ግን ምሳውን እንጂ ይህን አይጠቀምበትም። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋታል ካለ ደግሞ ያለሽበት ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚከፍለው የሕመም ፈቃድ አለ፤ እስከ 12 ሳምንት ይደርሳል። ሙሉ ደመወዝሽን አይተካም፤ ነገር ግን ከደመወዝሽ ላይ ሲቆረጥበት የኖረ መብትሽ ነው። በፈቃድ ላይ ሳለሽ አክሲዮኑ መቆጠሩን ይቀጥል እንደሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በዚህ ረገድ የኩባንያዎች ደንብ ይለያያል።

«ጠግበሽ ነው» ያሉሽ ጓደኞችሽ ክፉ ያሰቡ አይመስለኝም። ኤርፖርት ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው፣ ነፃ ምሳ የሚበላ ሰው ደከመኝ ሲለው መረዳት ይቸግረዋል። ቃሉ ግን እንደ ጎዳሽ ይገባኛል፤ ምክንያቱም አንቺም በልብሽ ለራስሽ ያንኑ ስትዪ የኖርሽ ይመስለኛል። በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ የነበረችው ልጅ የዛሬዋን ሀ. ብታይ «ምን ጎደላት?» ትላለች ብለሽ ትሰጊያለሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያን ጊዜ ያስቻለሽ ምን ነበር? ማሞቂያው አይመስለኝም። መውጫ ቀኑን ስለምታውቂው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ለአባትሽ የነገርሻቸው 200 ሺህ የአንድ ዓመት ቁጥር ነው። ጉርሻው የመጀመሪያው ዓመት ላይ አብቅቷል። አክሲዮኑ ከ14 ወር በኋላ ያልቃል፤ አዲስ ካልተጨመረልሽ ምንም ሳታደርጊ፣ ከዚያው ወንበር ሳትነሺ፣ ክፍያሽ ወደ 148 ሺህ ይወርዳል። ስለዚህ ምርጫሽ በ200 ሺህና በ118 ሺህ መካከል እንደሆነ አድርገሽ አትመልከቺው፤ 200 ሺው ቀድሞ ሄዷል። ቤተ ዘመዱ ነው አሁንም እዚያ የቆመው።

በ148ቱና በ118ቱ መካከል ያለው 30 ሺህ ደግሞ ግብሩ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ ተቀንሶ፣ ለጡረታ የምታስቀምጪውም ታስቦ፣ እጅሽ ላይ ሲደርስ በእኔ ግምት በወር ወደ 1,500 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር በደብዳቤሽ ውስጥ ሌላ ቦታ ጽፈሽዋል። ለቤቱ በየወሩ የምትልኪው ልክ ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሳሰፍራቸው ቆም ብዬ አየኋቸው። ሆስፒታል ገብተሽ የቤት ኪራይሽን ትከፍያለሽ፣ ብድርሽን ትከፍያለሽ፣ እቁብሽን ትጥያለሽ፣ ለወላጆችሽ የወር ወጪያቸውን ትልኪያለሽ። በዛሬው ፍጥነቱ የማይሄደው ጅምሩ ቤት ብቻ ነው።

አክሲዮኑንም እንዲሁ ቀርበሽ እዪው። «14 ወር» ስትዪ ከዚያ ማዶ የተቀመጠ ትልቅ ገንዘብ ያለ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የአንቺም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከቀሩት አምስት ክፍያዎች የሚቀጥለው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እያንዳንዱ በተቀጠርሽበት ቀን ዋጋ 7,500 ዶላር ሆኖ፣ በሚሰጥበት ቀን እንደ ደመወዝ ግብር ስለሚቆረጥበት እጅሽ ላይ የሚቀረው 5 ሺህ ገደማ ነው። (ኩባንያዎች ለፌዴራል ግብር የሚይዙት በአብዛኛው 22 በመቶ ነው፤ አንቺ ባለሽበት ገቢ ትክክለኛው 24 ስለሚሆን ልዩነቱን በኤፕሪል የዓመቱ ግብር ሲታሰብ ትጠየቂያለሽ፤ ትንሽ ብር ለይተሽ አስቀምጪ።) እንግዲህ ጥያቄው «14 ወር ልቻል?» መሆኑ ይቀርና «ለ5 ሺህ ዶላር ሦስት ወር ልቻል?» ይሆናል። በየሦስት ወሩ እንደ አዲስ ልትመልሺው የምትችይው ጥያቄ ነው፤ ከአንዱ ክፍያ ማግስት መውጣት ትችያለሽ።

14 ወሩም ቢሆን በእጅሽ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 አማዞን ወደ 18 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንሱ አስታወቁ፤ ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የአክሲዮኑን ቀን ሲቆጥር የነበረ ብዙ ሰው አለ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም፤ የባልደረቦችሽን መታወቂያ አንቺው አይተሻል። መቆየት በራሱ ዋስትና እንደሆነ አድርገሽ እንዳትቆጥሪው ብዬ ነው።

የዚያ ልጅ ደመወዝ አንገብግቦሻል፤ እኔንም አንገብግቦኛል። አዲስ ሰው የሚቀጠረው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን በየዓመቱ በመቶኛ ጥቂት ጥቂት ይጨመርለታል፤ በዚህ መካከል አስተማሪው ከተማሪው በታች ይሆናል። የአንቺ ሥራ አንሶ አይደለም። ልጁ ስለነገረሽም፣ አንቺ ስለሰማሽም ጥፋት የለም፤ እ.ኤ.አ. የ1935ቱ የአሜሪካ የሠራተኞች ግንኙነት ሕግ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እንዲነጋገሩ ይጠብቃቸዋል፤ የዋሽንግተን ስቴት ሕግም እንዲሁ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ በስቴቱ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የልጁን ስም ሳታነሺ የራስሽን ኩባንያ ማስታወቂያ ከፍተሽ፣ በአንቺ ደረጃ ያለውን ቁጥር አትመሽ መያዝ ትችያለሽ።

ለአለቃሽ ይህን ያህል በቂ ነው፦ «ለእኔ ደረጃ ኩባንያው ራሱ ያወጣው የደመወዝ ልክ ይህ ነው። እኔ ከታችኛው ጫፍ አጠገብ ነኝ። በዚህ ዓመት የሁለት ሰው ሥራ ተጨምሮልኝ ሠርቻለሁ፣ አዲስ ሰውም አስለምጃለሁ። ደመወዜ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ፤ መልሱን መቼ ልጠብቅ?» በዚህ ውስጥ ራስን ማመስገን የለም። የተሠራውን መቁጠር ነው። አባትሽ የተማሪዎቻቸውን ውጤት ሲመዘግቡ እንደ ኖሩት አድርገሽ አስቢው። ለምዘናውም እንዲሁ ነው፤ «ከእነ እገሌ እበልጣለሁ» ብለሽ መጻፍ ከከበደሽ ቀኑን፣ የተበላሸውንና ያስተካከልሽውን ብቻ በየሳምንቱ አርብ በሦስት መስመር መዝግቢ። ሠራተኞችን እርስ በርስ ማስደርደር ሰውን እንደሚያጣላ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶታል።

ነገር ግን ከመጠየቅሽ በፊት ይህን ለራስሽ መልሺ፦ ነገ ጠዋት 171 ሺህ ቢያደርጉልሽ በስምንት ሰዓት መንቃቱ ይቀራል? አዎ ካልሽ ያቆሰለሽ አድልዎው ነው፤ እዚያው ታግለሽ ልታስተካክይው ትችያለሽ፣ ወይም ተረኝነቱ ቀለል ወዳለ ሌላ ቡድን መዛወርን መሞከር ይሻልሻል። አይ ካልሽ ደመወዙ መፍትሔሽ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የእሑዱ ስልክ ነው። በእኔ እምነት ከሥራው እኩል ያደከመሽ ያልተብራራው ቁጥር ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ይህ ቁጥር በአባትሽ አፍ ውስጥ እየኖረ ነው፤ ሶሌታው የሚሞላው በእርሱ ሒሳብ ነው። አባትሽ «በርቺ» ሲሉ የሚያበረቱት 200 ሺህ የምታገኘውን ልጅ ነው። አንድ ሺህ እንኳ የማይተርፋትን፣ ሌሊት ቁጭ ብላ የምታነጋውን ልጃቸውን አያውቋትም። እንዲያውቋት ዕድል ስጫቸው።

መምህር ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ማንበብ ይወዳሉ ብዬ እገምታለሁ። የደመወዝ ወረቀትሽን ፎቶ አንሥተሽ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ በአማርኛ ጽፈሽ ቅዳሜ ላኪላቸው። እሑድ ስትደውዪ ከሥራ መልቀቁ አትጀምሪ። እንዲህ በይ፦ «አባቴ፣ ስቀጠር የነገርኩዎት ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት ድምር ነበር። ያን ጊዜ ላብራራልዎት ይገባኝ ነበር፤ ደስ ብሎዎት ስለነበር ዝም አልኩ። እጄ ላይ የሚገባው ይህ ነው። ለቤቱ የላኩት ከዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ አልተኛም።» ከዚያ ዝም በይ። ይቆጡ ይሆናል፣ ያፍሩም ይሆናል፤ ለሰው የተናገሩት ነገር ስላለ። ጊዜ ይፈልጋሉ። እናትሽ አጠገባቸው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ እናት ብዙ ጊዜ ከድምፅ ቀድማ ታውቃለች።

ስለ ቤቱም ያለቀለት ነገር አድርገሽ አታቅርቢው፤ እርሳቸውን ጠይቂያቸው። ሶሌታው ተሞልቶ፣ የላይኛው ፎቅ ብረት ለነገ ተትቶ፣ ምድሩ ብቻ በርና መስኮት ተገጥሞለት ለመግባት ስንት እንደሚፈጅ ከፎርማኑ ጋር ተቀምጠው ያስሉት። ብረታቸው ወደ ሰማይ ቆሞ የሚጠብቁ፣ ምድራቸው ውስጥ ግን ቡና የሚፈላባቸው ቤቶች በየከተማችን አሉ። ሶሌታ በግማሽ የሚቆም ሥራ ስላልሆነ፣ እርሱ የሚሞላበትን ገንዘብ መቼ እንደምትልኪ ቀን ቆርጠሽ ንገሪያቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚደርሰው አክሲዮን ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሆስፒታሉን ደግሞ ከመልስሽ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቂ። የሌሊት ተረኝነት እንደሌለ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍልሽ፤ በቃል የተነገረ አይበቃም። የጤና መድኅኑ ከየትኛው ቀን ይጀምራል? ጡረታው የራስሽ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? የትምህርት ብድርሽ የፌዴራል ከሆነ ለመንግሥትና ለበጎ አድራጎት ተቋማት ሠራተኞች ከአስር ዓመት ክፍያ በኋላ ቀሪውን የሚሰርዝ ፕሮግራም አለ፤ በአንቺ ገቢ ብዙ ላይተርፍሽ ስለሚችል ለዚያ ብለሽ ብቻ አትወስኚ። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሥራውን ብትቀበዪ የምትጀምሪበት ቀን ከሚቀጥለው የአክሲዮን ቀን በኋላ እንዲሆን ጠይቂያቸው። ሁለት ወር ረጅም ነው ካሉ፣ ማጣትሽ 5 ሺህ ዶላር ነው፤ ያማል፣ ግን ሕይወት የሚቀይር ገንዘብ አይደለም።

ያደላሁበትን ልንገርሽ፤ ወደ ሆስፒታሉ ነው ያደላሁት። ሁለት ሰው ተባሮ ሥራቸው ላንቺ ሲጨመር ደመወዝሽ ያልተነካበት ቦታ በ14 ወር ውስጥ ይለወጣል ብዬ አላምንም። ሆኖም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሥራው ዓይነት ራሱ ደስ የሚያሰኝሽ ከሆነ፣ ትልቅ ሥርዓት መገንባት ሆስፒታሉ ውስጥ የማታገኚው ፍቅርሽ ከሆነ፣ ያን በደብዳቤሽ አልጻፍሽልኝምና ሚዛኑ ላይ ጨምሪው። ከአስሩ ቀን ሁለቱን ለሐኪሙ፣ እሑዱን ለአባትሽ ስጪ፤ አለቃሽን ማክሰኞ አነጋግሪ፤ ሆስፒታሉን ጥቂት ቀን እንዲያራዝምልሽ ዛሬውኑ ጻፊለት።

ከእሑዱ በኋላ ደግሞ ጻፊልኝ። አባትሽ ወረቀቱን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁሽ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።